አባ ጅፋር በዕቃዎቻቸው ሲታዩ

በትምህርት ክፍላችን አንድ የተለመደ ነገር አለ። አዲስ የገባ ተማሪ ራሱን ሲያስተዋውቅ ስሙንና የመጣበትን ቦታ ብቻ ተናግሮ አይቀመጥም። ከቤቱ ወይም ከአገሩ አንድ ዕቃ ይዞ ይመጣና ስለ ዕቃው እያስረዳ እግረ መንገዱን ስለ ራሱ ይናገራል። አንዱ አገልግል፣ ሌላው ነጠላ፣ ሌላው የአባቱን ጋሻ ያመጣል። እኛ ከጅማና ከአካባቢዋ የመጣነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጀበና ወይም ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነው የምናመጣው። መቼም በርጩማው ከመጣ የአባ ጅፋር ስም መነሳቱ አይቀርም። ጅማ አባ ጅፋር ተብላ ትጠራለች፤ በ2010 ዓ.ም የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ያሸነፈው የእግር ኳስ ክለብም በእሳቸው ስም የሚጠራ ነው።

እኔ የሰኮሩ ልጅ ነኝ። ሰኮሩ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ጅማ ለመድረስ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር የምትገኝ ከተማ ናት። የአባ ጅፋርን ስም ሳንሰማ ያደግን የሰኮሩ ልጆች ያለን አይመስለኝም። ነገር ግን ስም መስማትና ሰውየውን ማወቅ ይለያያሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የዳግማዊ አባ ጅፋርን ሕይወት በስማቸው፣ በላኩት ገጸ በረከት፣ በቤታቸው፣ በአልጋቸውና በምርኩዛቸው በኩል ለማየት እሞክራለሁ። በመጨረሻም ዕቃ ስለ ባለቤቱ ምን እንደሚናገርና ስለማን ዝም እንደሚል አነሳለሁ። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በስተቀር ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፈረስ የመጣ ስም

በመጀመሪያ ከስማቸው እንነሳ። ሰው ከሞተ በኋላ ከሁሉም ዕቃው አስቀድሞ የሚቀርለት ስሙ ነው። አባ ጅፋር የሚለው የፈረስ ስም ነው፤ የጅፋር ጌታ እንደማለት ነው። ይህ ልማድ በአገራችን የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢባል፣ በሌላው ቦታ የፈረስ ስም ከዋናው ስም ጎን የሚጠራ ሲሆን በጅማ ግን ዋናውን ስም ተክቶት ቀርቷል። የጅማ ነገሥታት በተርታ ሲጠሩ ቀዳማዊ አባ ጅፋር፣ አባ ረቡ፣ አባ ቦቃ፣ አባ ጎሞል፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር ናቸው። ሁሉም በፈረሳቸው ነው የሚታወቁት። የእኛው አባ ጅፋር የእስልምና ስማቸው መሐመድ ሲሆን፣ ይህን ስም ግን ዛሬ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው።

ይህ ስም ስለ መንግሥቱ አነሳስ አንድ ነገር ይነግረናል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በጊቤ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ተመሥርተው ነበር። እነሱም ሊሙ እናሪያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ ናቸው። ዛሬ ሊሙንና ጎማን የምናውቃቸው በቡናቸው ነው፤ በዚያ ዘመን ግን እያንዳንዳቸው ንጉሥ፣ ጦርና ወሰን ነበራቸው። የእነዚህ መንግሥታት መሥራቾች በጦርነት ጊዜ ፈረሰኛውን እየመሩ ኃይል ያገኙ ሰዎች ነበሩ። ከገዳ ሥርዓት ወደ ንጉሥ አገዛዝ የተሻገሩት በዚህ መንገድ ነው። ቀዳማዊ አባ ጅፋር ከ1830 እስከ 1855 ጅማን በአንድ ንጉሥ ሥር ያደረጉና እስልምናን የተቀበሉ ንጉሥ ነበሩ። የንጉሡ ማዕረግ ሞቲ ይባላል።

ዳግማዊ አባ ጅፋር የተወለዱት በ1861 ነው። አባታቸው ሞቲ አባ ጎሞል ከ1862 እስከ 1878 የገዙና የጅማን ወሰን ያሰፉ ሰው ናቸው። አባ ጎሞል ሲሞቱ ልጃቸው በ17 ዓመት ዕድሜ ገደማ ዙፋን ላይ ተቀመጡ። የዛሬ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንኳን ከዚህ ይበልጣል! በዚህ ዕድሜ አገር መምራት ብቻውን የሚቻል አይደለም። ከጎናቸው እናታቸው ገኔ ጉሚቲ ነበሩ። ገኔ ማለት የንጉሥ ቤተሰብ የሆኑ ሴቶች የሚጠሩበት የክብር መጠሪያ ነው። በጅማ የንጉሥ እናት ቃል ከባድ ነበር፤ ጉሚቲም ልጃቸው አገር በሚያስተዳድርበት ጊዜ ምክራቸው የሚሰማ ሴት እንደነበሩ በታሪክ ይታወቃሉ።

በርጩማና ገጸ በረከት

ወጣቱ ንጉሥ ዙፋን ላይ በወጡ በአራት ዓመት ውስጥ ትልቅ ውሳኔ ፊታቸው ተደቀነ። ሁለት ኃይሎች ደቡብ ምዕራቡን ለመያዝ ይሽቀዳደሙ ነበር። አንደኛው የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ሁለተኛው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ናቸው። ሁለቱ ሰኔ 6 ቀን 1882 እምባቦ ላይ ተዋጉና ምኒልክ አሸነፉ። በዚህ ጊዜ የሸዋ ጦር ዋና አዝማች የነበሩት ራስ ጎበና ዳጪ የጊቤን መንግሥታት ወደ ሸዋ ሥር እያስገቡ ነበር።

አባ ጅፋር መንገዳቸውን በጦርነት ሳይሆን በስምምነት መረጡ። ለምኒልክ ገብረው በየዓመቱ ግብር ለመላክ ተስማሙ። በምላሹ ዙፋናቸው፣ ሃይማኖታቸውና የውስጥ አስተዳደራቸው አልተነካም። ይህ ውሳኔ ፈሪ የሚያሰኝ ነው ወይስ ብልህ የሚያሰኝ? በእኛ አገር በሽማግሌዎች መካከል እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ በበኩሌ ለመፍረድ ጎረቤቶቻቸውን ማየት ይበጃል እላለሁ። ጉማ ተዋግቶ ነጻነቱን አጣ። የወላይታው ንጉሥ ጦና በ1894 ተዋግተው ተማረኩ፤ በዚያ ዘመቻም ብዙ ሕዝብ አለቀ፣ ብዙ ሕዝብም ተማረከ። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾ በ1897 ተይዘው በሰንሰለት ታስረው ተወሰዱ። ዘውዳቸውም ከአገር ወጥቶ ስዊዘርላንድ ድረስ ሄደ፤ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ1954 ነው። እነዚህ አገሮች በነፍጠኛና ገባር ሥርዓት ሥር ሲወድቁ፣ የጅማ ገበሬ ግን እስከ 1932 ድረስ በራሱ ሞቲ ሥር ኖረ።

ሆኖም ሰላሙ ያለ ዋጋ አልተገኘም። አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር ከተስማሙ በኋላ በጎረቤቶቻቸው ላይ በተደረጉት ዘመቻዎች ጦራቸውን አሰልፈዋል። በ1889 በኩሎ፣ በ1894 በወላይታ፣ በ1897 በከፋ ዘመቻ የጅማ ጦር ተካፋይ ነበር። ስለዚህ የጅማ ሰላም የሌላው መከራ ሆነ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

አሁን ወደ ዕቃው እንመለስ። በ1886 አባ ጅፋር ለምኒልክ ያቀረቡት ገጸ በረከት ምን ምን እንደነበረበት በዚያን ጊዜ ሸዋ ውስጥ የነበረ ዡል ቦሬሊ የሚባል ፈረንሳዊ መንገደኛ መዝግቦታል። በዝርዝሩ ውስጥ የዝሆን ጥርስ አለ፣ ዝባድ አለ፣ በእንስራ የተሞላ ማር አለ፣ ጅማ ውስጥ የተሸመነ ጨርቅ አለ፣ ጦርና በብር ያጌጠ ጋሻ አለ፣ ከእንጨት የተሠራ የቤት ዕቃም አለ። እንግዲህ የጅማ በርጩማ ገና ያኔ የአገሩ መታወቂያ ሆኖ ንጉሥ ፊት ይቀርብ ነበር ማለት ነው። ልብ ብለን ካየነው እኛ ትምህርት ክፍል ውስጥ የምናደርገውን ነው ያደረጉት። ዕቃ ይዘው ሄደው አገራቸውንና ራሳቸውን አስተዋወቁ። የዝሆን ጥርሱ የአደኑን፣ ዝባዱና ማሩ የጫካውን፣ ጨርቁ የሸማኔውን፣ ጋሻው የአንጥረኛውን፣ በርጩማው የእንጨት ጠራቢውን እጅ ይናገራል።

ነገር ግን በዚያው ዝርዝር ውስጥ ባሪያዎችም አሉ። ከማሩና ከበርጩማው ጋር በአንድ ላይ የተቆጠሩ ሰዎች ማለት ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ኋላ እመለሳለሁ።

የጅሬን መሠራ

ዛሬ ጅማ የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ነው። ቤተ መንግሥቱ የሚገኘው ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። በኦሮምኛ መሠራ ይባላል። ፎቅና ሰገነት ያለው፣ በብዛት በእንጨት የተሠራ ትልቅ ቤት ነው። በግቢው ውስጥ መስጊድ አለ። ከሰገነቱ ቆሞ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው የጅማ ሜዳ ወለል ብሎ ይታያል። አንድ ንጉሥ ቤቱን እዚህ ቦታ ላይ ለምን እንደሚሠራ ለመረዳት ሰገነቱ ላይ መቆም ብቻ ይበቃል።

መሠራው መኖሪያ ብቻ ሳይሆን የመንግሥቱ መሥሪያ ቤትም ነበር። ችሎት የሚደረገው እዚያ ነው፤ ግብር የሚበላው እዚያ ነው፤ አንጥረኛውም፣ ሸማኔውም፣ እንጨት ጠራቢውም ለንጉሡ የሚሠራው እዚያ ነው። አገሩ ቆሮ በሚባሉ ወደ ስድሳ የሚጠጉ አውራጃዎች የተከፈለ ሲሆን የእያንዳንዱ ሹም አባ ቆሮ ይባላል። ከአባ ቆሮ በታች አባ ገንዳ አለ። ሹመቱ በንጉሡ እጅ ስለነበረ ያጠፋ ሹም ይሻራል፣ ያገለገለ ይሾማል። ስለ ጅማ መንግሥት በ1965 መጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ኸርበርት ሉዊስም ያጎላው ይህንኑ የአስተዳደር ጥንካሬ ነው።

ወሰኑ ደግሞ በቦይ የታጠረ ነበር። መንገዱ ወሰኑን በሚያቋርጥበት ቦታ ኬላ አለ፤ ኬላውን የሚጠብቀው ሹም አባ ኬላ ይባላል። ከውጭ የሚመጣ ነጋዴ እዚያ ቆሞ ማንነቱ ይጠየቃል፣ ቀረጥ ይከፍላል፣ ከዚያ ያልፋል። ለእኛ ለሰኮሩ ልጆች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሰኮሩ ከየም ጋር የምትዋሰን አገር ናት፤ ጅማና የም ደግሞ ለረጅም ጊዜ የተዋጉ መንግሥታት ነበሩ። ዛሬ በአንድ ገበያ የሚውሉ፣ በጋብቻ የተሳሰሩ ሰዎች አያቶች በቦይና በአጥር ተለያይተው የኖሩበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

ከመሠራው ሥር ሂርማታ የሚባለው ገበያ ነበር። የዛሬዋ ጅማ ከተማ የቆመችው በዚህ ገበያ ላይ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከነበሩት ገበያዎች ሁሉ ትልቁ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አባ ጅፋር ነጋዴ ይወዱ ነበር፤ መሬት እየሰጡ ያሰፍሩ፣ በመንገድ ላይ እንዳይዘረፍም ያስጠብቁ ነበር። ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከሰሜንም የመጣ ነጋዴ አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ብር ይዞ ሂርማታ ይገባል። ሲመለስ ቡና፣ ዝባድ፣ ማር፣ የዝሆን ጥርስ ይዞ ይሄዳል። ባሪያም ይዞ ይሄዳል።

መስጊዱ

በግቢው ውስጥ ያለው መስጊድ የአባ ጅፋርን ሌላውን ገጽ ያሳየናል። እሳቸው ዙፋን ላይ በወጡበት በዚያው በ1878 ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባዔ አድርገው ነበር። ከዚያ ጉባዔ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ተገደዱ። አሻፈረኝ ያሉ ሼሆችና ደረሶች ወደ ተለያየ አገር ተሰደዱ፤ ከእነሱ ውስጥ ወደ ጊቤ አካባቢ የመጡም ነበሩ። በዚያ አስቸጋሪ ጊዜ የሙስሊም ንጉሥ ያለባት፣ መስጊድ የማይዘጋባት፣ ቁርአን የሚቀራባት ጅማ ለብዙዎች መጠጊያ ሆነች። ጅማ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ሆና የታወቀችው በዚህ ዘመን ነው።

እንግዲህ በ1882 የተደረገው ስምምነት የዙፋን ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል። ግብር ከፍለው ያቆዩት ሃይማኖታቸውንም ነው። በሰኮሩ አያቴን፣ እኛ አኮ የምንላትን፣ ስለ አባ ጅፋር ብትጠይቋት ስለ ጦርነታቸው ብዙ አትነግራችሁም። መጀመሪያ የምትነግራችሁ ስለ ሼሆቹና ስለ ሶላቱ ነው። ለእሷ አባ ጅፋር ማለት ሙስሒባዋን ይዛ በሰላም እንድትቀመጥ ያደረጉ ሰው ናቸው።

አልጋውና ምርኩዙ

አባ ጅፋር ይገለገሉባቸው ከነበሩት ዕቃዎች ውስጥ አልጋቸው፣ ወንበሮቻቸውና ምርኩዛቸው በጅማ ሙዚየም ተቀምጠው ለጎብኚ ሲታዩ የኖሩ ናቸው። አልጋውን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ትልቅነቱ ነው። አባ ጅፋር ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ ነበር እየተባለ በአካባቢው ይነገራል። ወንበሮቹም እንዲሁ ናቸው። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣው የጅማ በርጩማ ሥራ በእሳቸው ቤት ወደ ዙፋንነት ከፍ ብሎ እናገኘዋለን። እኛ ቤት ውስጥ ያለው በርጩማና የንጉሡ ወንበር የአንድ ሙያ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

ምርኩዙ ግን ሌላ ዘመን ያስታውሰናል። አባ ጅፋር ከ50 ዓመት በላይ ነግሠዋል። በ17 ዓመታቸው የጀመሩትን ሥልጣን ሰባ ዓመት እስኪሞላቸው ይዘው ቆዩ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዐፄ ዮሐንስ አልፈዋል፣ ዐፄ ምኒልክ አልፈዋል፣ ልጅ ኢያሱ ወርደዋል፣ ንግሥት ዘውዲቱ ነግሠው አርፈዋል። የባቡር ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ በበቅሎ ወደ ሰሜን ይሄድ የነበረው ንግድ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። የቡና ዋጋ ከፍ ሲል ደግሞ ጅማ ለማዕከላዊው መንግሥት የምታጓጓ አገር ሆነች። አንድ ወጣት ንጉሥ ከሌላ ንጉሥ ጋር ያደረገው ስምምነት ሁለቱ ሰዎች እስካሉ ድረስ ነው የሚሠራው። ምኒልክ ከሞቱ በኋላ ስምምነቱ እየሳሳ ሄደ።

አባ ጅፋር አርጅተው ሲደክሙ አስተዳደሩ ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ አባ ጆቢር እጅ ገባ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በ1930 የነገሡት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አገሩን ሁሉ ከአንድ ማዕከል ማስተዳደር ይፈልጉ ነበር። በ1932 ጅማ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሙሉ በሙሉ ገባች፤ አባ ጆቢርም ታሰሩ። ሞቲ አባ ጅፋርም በዚያው ዓመት አረፉ። መቃብራቸው እዚያው ጅሬን ነው። አንድ መቶ ዓመት ገደማ የቆየው የጅማ መንግሥት ከእሳቸው ጋር አብሮ አበቃ። ከአራት ዓመት በኋላ የገቡት ጣሊያኖች አባ ጆቢርን ፈትተው ሱልጣን ብለው ቢሾሙም፣ ያ የቀድሞው መንግሥት ተመለሰ ማለት አይደለም።

በሙዚየም የሌለ ዕቃ

አሁን ቅድም ኋላ እመለሳለሁ ወዳልኩት ልመለስ። በ1886 ከጅማ የሄደውን ገጸ በረከት አንድ በአንድ ብንከታተል ለብዙው ዛሬ ምስክር እናገኝለታለን። ጦርና ጋሻ በሙዚየም አለ፣ በርጩማው በየቤታችን አለ፣ የማር እንስራውም አለ። ከሰዎቹ ግን ምንም የለም። ስማቸው አልተጻፈም፣ አልጋቸው አልተቀመጠም፣ ምርኩዛቸው አልተጠበቀም። ሂርማታ ላይ ከኩሎ፣ ከኮንታ፣ ከከፋና ከወላይታ ተይዘው የመጡ ሰዎች ተሸጠዋል። የመሠራው ሥራ ይሠራ የነበረው በአብዛኛው በባሪያ ጉልበት ነው፤ የሹማምንቱና የሀብታሙ ማሳም እንዲሁ። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በ1924 አዋጅ ወጣ፤ ባርነት በሕግ ሙሉ በሙሉ የተሻረው ግን በ1942 ነው። አባ ጅፋር ይህን ሥርዓት የፈጠሩት ሰው አይደሉም። ከእሳቸው በፊት የነበረ፣ በጎጃምም በሸዋም በወላይታም በከፋም የነበረ ነው። ሆኖም በጅማ የነገሡት እሳቸው ናቸው፤ ከንግዱም ተጠቅመዋል።

አንዳንድ ሰው ይህን ማንሳት አባ ጅፋርን ማዋረድ ነው ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ለሰላም ሲሉ የወሰዱትን ውሳኔ፣ ለነጋዴው የሰጡትን ጥበቃ፣ ለሼሆቹ የከፈቱትን በር ማንም አይወስድባቸውም። ነገር ግን ግማሹን ብቻ የምንናገርለት ሰው ሐውልት እንጂ ሰው አይሆንም። ደግሞም ጉዳዩ የሞተ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ ባለፍኩት ነበር። በእኛ አገር ዛሬም ጋብቻ ሲታሰብ የልጁ ወይም የልጅቷ ዘር በሹክሹክታ ይጠየቃል። አያቱ ከየት እንደመጣ፣ በምን ሁኔታ እንደመጣ ይጣራል። በአንድ ሶፍ ጎን ለጎን የሚሰግዱ፣ በአንድ ለቅሶ የሚቀመጡ ሰዎች ልጆቻቸውን ለመዳር ሲሆን ይለያያሉ። እዚህ ቡለቲን ላይ ከሚጽፉት ከእኛ ጓደኞች መካከል እንኳን ቅድመ አያቱ በሂርማታ የተሸጠ ሊኖር ይችላል። እሱ ራሱን ሲያስተዋውቅ ምን ዕቃ ያምጣ? በርጩማውን? በርጩማው የእሱም ነው፤ ማን ያውቃል፣ የጠረበው የእሱ አያት ሊሆን ይችላል።

ራሳችንን ስናስተዋውቅ

እንግዲህ ዕቃ ጥሩ አስተዋዋቂ ነው። ከወሬ ይልቅ ይታመናል፣ በእጅ ይዳሰሳል። ግን የሚናገረው ላስቀመጠው ሰው ነው። አልጋውን ሊያስቀምጥ የቻለ ሰው ታሪኩ ይነገራል፤ መደብ ላይ ተኝቶ ያለፈ ሰው ታሪኩ ይጠፋል። የታሪክና የቅርስ ተማሪዎች ነን የምንል ከሆነ ይህን ልዩነት ማወቅ የመጀመሪያው ሥራችን ሊሆን ይገባል።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከጅማ አካባቢ የመጣን ተማሪዎች በክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ ከሽማግሌዎችና ከአሮጊቶች ስለ ሂርማታ ገበያና ወደ ጅማ ስለመጡት ሰዎች የሚያውቁትን ጠይቀን፣ ፈቃዳቸውን አግኝተን፣ የማንንም ዘር ሳንጠቁም ብንመዘግብ ጥሩ ነው። እነዚህ ሰዎች እያለፉብን ነው። የባሪያ ንግዱን ከወላጆቹ አፍ የሰማው ትውልድ ጥቂት ነው የቀረው። ሁለተኛ፣ በየሙዚየሙና በየጉብኝቱ የአባ ጅፋር ወንበር ሲታይ፣ ከወንበሩ ጋር ዕቃውን ስለሠሩና ስለተሸከሙ ሰዎችም አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢነገር የጎብኚው ክብር ለአባ ጅፋር አይቀንስም። እንዲያውም ታሪካቸውን በሙሉ ለመስማት የማያፍር ሕዝብ እንዳላቸው ያሳያል።

እኔም የሰኮሩ ልጅ ነኝ ስል ከአሁን በኋላ ሁለቱንም ይዤ ነው። አያቴን በሰላም ያሰገደው ንጉሥ የእኔ ነው፤ በስሙ እኮራለሁ። ከማርና ከዝባድ ጋር ተቆጥሮ በጊቤ በኩል የተነዳው ስም የለሽ ሰውም የእኔ ነው፤ ለእሱ ዕቃ ባላገኝለት ቢያንስ ይህን ጽሑፍ አስቀምጬለታለሁ። በዚህ ጉዳይ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይ ከወላይታ፣ ከዳውሮ፣ ከከፋና ከየም የመጣችሁ ጓደኞቼ፣ በሚቀጥለው እትም እንድትጽፉበት እጋብዛችኋለሁ።